ሰላም በመከራ ቀን



ሰላም የሚለውን ቃል ኢትዮጵያዊ ከመኝታው ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ሲናገረው ይውላል። በሰላም አደራችሁ ወይ ይላል፤ በሰላም ግቡ ይላል፤ ካህኑም ወደ ሕዝቡ ዘወር ብሎ የሚያውጀው ይህንኑ ቃል ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ሰላም ሲል በልቡ የሚያስበው የችግርን አለመኖር ነው፤ ይኸውም የልጅን አለመታመም፥ የደመወዝን አለመጓደል፥ የአለቃን አለመቈጣት ነው። ይህ መልካም ነገር መኾኑን የሚክድ የለም። የክርስትና እምነት ግን ችግሩ ሳይርቅ ሰላምን ይሰጣል ይባላል። ነገሩ እውነት መኾኑ የሚመረመረው ከስብከት ይልቅ በሰው ኑሮ ነው፤ ለዚህም ምርመራ የካምፓላን ከተማ የመሰለ ስፍራ ጥቂት ነው።

ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በሩባጋ ኮረብታ የካቶሊኮች፥ በናሚሬምቤ ኮረብታ የአንግሊካኖች ካቴድራል ቆሟል። የአንግሊካን መልእክተኞች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1877 ቡጋንዳ በደረሱ ጊዜ ሃይማኖቱን የተቀበሉት ወጣቶች በአገሬው ቋንቋ «አንባቢዎች» ተባሉ፤ ማመንና ፊደል መቍጠር አብረው ይሄዱ ነበርና። ይህ ስም ለመምህር ጆሮ ደስ ያሰኛል። ከእነዚያ አንባቢዎች ብዙዎቹ፥ የንጉሥ ምዋንጋ የእልፍኝ ልጆች ሳይቀሩ፥ በ1886 ናሙጎንጎ በተባለው ስፍራ በእሳት ተቃጠሉ። ከዘጠና ዓመት በኋላ በዚያው አገር ተራው የአንድ መምህር ኾነ።

ጃናኒ ሉዉም በ1922 በሰሜን ኡጋንዳ፥ በአቾሊ ምድር፥ ሙቹዊኒ በሚባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ፍየል ጠባቂ ነበሩ። በቦሮቦሮ የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ኾኑ። በ1948 በምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ የነበረው የመንፈሳዊ መነቃቃት እንቅስቃሴ ልባቸውን ነካው፤ በሚከተለውም ዓመት ጠመኔያቸውን አኑረው ወደ ቡዋላሲ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ገቡ። በ1969 የሰሜን ኡጋንዳ ጳጳስ፥ በ1974 የኡጋንዳ፥ የሩዋንዳ፥ የቡሩንዲና የቦጋ ዛየር ሊቀ ጳጳስ ኾኑ።

ሹመቱ የመጣው በክፉ ቀን ነበር። ኢዲ አሚን በ1971 መንግሥቱን በጦር ኀይል ከያዘ ወዲህ ሰዎች ከቢሯቸውና ከቤታቸው እየተወሰዱ ይጠፉ ነበር። ሊቀ ጳጳሱም ወደ ጸጥታ ሹማምንቱ ቢሮ እየተመላለሱ ስለ እስረኞች ይማልዱ ነበር። በዚህም ምክንያት ከመንግሥት ጋር መቀራረብ አበዙ ብለው የነቀፏቸው አልታጡም። ነቀፋው የምቀኛ ወሬ ነው ተብሎ በከንቱ የሚጣል አይደለም፤ ከጨካኝ ገዥ ጋር እየተነጋገሩ ንጹሕ ኾኖ መኖር ምን ያህል እንደሚያስቸግር በአስተዳደር ሥራ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው ግን ለነቀፋው ሲመልሱ፥ በዚያ ወንበር እስከ መቼ እንደሚቀመጡ እንደማያውቁ፥ ነገ እንደሌለ ኾነው እንደሚኖሩ፥ ጊዜው ሳለ ወንጌልን በሙሉ ኀይላቸው እንደሚሰብኩና ኅሊናቸው በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ እንደ ኾነ ተናገሩ። ነገ እንደሌለ ኾኖ መኖር ለቸልተኛ ሰው የብኩንነት ፈቃድ ነው፤ ለእሳቸው ግን የዕለቱን ሥራ ለማግሥቱ አለማሳደር ኾነ።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1977 ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ወታደሮች በአጥሩ በኩል ወደ ግቢያቸው ገቡ። አስቀድመው የደበደቡትን ሰው ከፊት አቁመው በሩን አስከፈቱ፤ የጠመንጃ አፈሙዝ በሊቀ ጳጳሱ ሆድ ላይ ደግነው፥ የተደበቀ መሣሪያ አለ እያሉ ቤቱን ከነእህሉ ከረጢት በረበሩ። ምንም አላገኙም። ሊሄዱ ሲሉ የግቢው በር እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። የሊቀ ጳጳሱ ባለቤት በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ ብለው መለሱላቸው፤ እንደ ሰው ፍርድ ከኾነ ይህ መልስ የተገባ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ግን ክርስቲያኖች መኾናቸውንና በልባቸው ቂም አለመኖሩን ነግረው፥ ለምስክርነት ይኾን ዘንድ በሩን ራሳቸው ሄደው ከፈቱላቸው።

ይህን የሰማ ሰው ሉዉም ሁሉን በዝምታ የሚያሳልፉ ሰው ነበሩ ብሎ እንዳይገምት ያስፈልጋል። ከጥቂት ቀን በኋላ እሳቸውና ጳጳሶቻቸው ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ በሊቀ ጳጳሱ ላይ የተደገነው ጠመንጃ በምእመናን ሁሉ ላይ የተደገነ መኾኑን በግልጽ አስታወቁ። በሩን የከፈተው እጅና ደብዳቤውን የፈረመው እጅ አንድ ነው። ሰላም ማለት አርፎ መቀመጥ ቢኾን ኖሮ ደብዳቤው ባልተጻፈ ነበር።

ፌብሩዋሪ 16 ቀን የሃይማኖት መሪዎችና ሹማምንት ናይል ማንሽንስ ወደ ተባለው ሆቴል ተጠሩ። በሜዳው ላይ የጦር መሣሪያ ተደርድሮ ሊቀ ጳጳሱን የሚከስስ ጽሑፍ ተነበበ። ኋላም ሌሎቹ ጳጳሳት ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ሲታዘዙ እሳቸው ብቻ ፕሬዚዳንቱ ይፈልግዎታል ተብለው ቀሩ። በማግሥቱ ራዲዮው ሊቀ ጳጳሱና ሁለት ሚኒስትሮች፥ ኦሪዬማና ኦቦት ኦፉምቢ፥ በመኪና አደጋ ሞቱ ብሎ አወራ። ይህን ያመነ ጥቂት ነው። በናሚሬምቤ ካቴድራል አጠገብ መቃብር ተቈፍሮ ነበር፤ ሬሳው ግን አልተሰጠም፥ ወደ ሙቹዊኒ ተወስዶ ተቀበረ። በሚቀጥለው እሑድ ቀብሩ ተከልክሎ ሳለ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ በባዶውም መቃብር ዙሪያ ቆሞ ስለ ትንሣኤ የሚናገረውን ቃል ሰማ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ያ ቀን የካቲት 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ነበር፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ያን ጊዜ በእስር ላይ ነበሩ። እሳቸውም፥ አገር ለቀው ለመውጣት ዕድል ሲያገኙ እንቢ ያሉት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገደሉ።

አንድ ነገር ሳይነሣ ቢቀር ግን ነገሩ ሁሉ ቀላል ይመስላል። በሆቴሉ ሊቀ ጳጳሱን ሲጠባበቁ ከነበሩት አንዱ የኪጌዚው ጳጳስ ፌስቶ ኪቬንጌሬ ነበሩ፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው በታንጋኒካ፥ በዶዶማ ከተማ መምህር ነበሩ። ሊገደሉ መኾናቸውን በሰሙ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር በሌሊት ተራራውን በእግር አቋርጠው ወደ ሩዋንዳ ገቡ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ሰላም ግን አብሯቸው አልተሻገረም። በአሚን ላይ ያደረባቸው ጥላቻ ጸሎታቸውን እያደረቀው መሄዱን ራሳቸው በኋላ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። በስደት ሳሉ፥ በለንደን፥ በዕለተ ስቅለት ጸሎት ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው ስለ ራሳቸው ምሕረትን ለምነው ለአሚንም ይቅርታ ማድረግ የቻሉት። በዚያው በ1977 ያሳተሙት መጽሐፍ ስም «ኢዲ አሚንን እወደዋለሁ» የሚል ነው፤ ብዙ ሰውም በስሙ ተቈጥቷል። በ1979 አሚን ሲወድቅ ወደ ሀገረ ስብከታቸው ወደ ካባሌ ተመልሰው፥ በ1988 እስከ ሞቱ ድረስ በዚያው አገለገሉ።