የአጥንት ዘርና የጉልበት ማሳ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ሁሉ ሐሙሲትን ያውቃታል። ከዚያ አንሥቶ እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ የተመላለሰበት ገበሬ ስድሳ ዓመት ሲሞላው ጉልበቱ ያብጥበታል፤ ከተቀመጠበትም ለመነሣት ዱላ ይሻል። ይህ አባት በመሥሪያ ቤት ለሚያገለግል ልጁ፥ «ልጄ፥ ያለቀ ጉልበት እንደ አዲስ የሚያበቅል መርፌ አለ ይሉኛል፤ በሬዎቹን ሸጬ ልወጋው ወይ?» ብሎ ቢልክበት፥ ልጁ ምን ብሎ ይመልስለታል? ዛሬ የምናገረው ይህን መልስ ለማዘጋጀት እንዲረዳ ነው።

በመጀመሪያ አጥንትና ልም አጥንት አንድ አለመሆናቸውን እናስተውል። ልም አጥንት የምንለው በጆሮአችንና በአፍንጫችን ጫፍ የምንዳስሰው ዓይነት፥ እንደ አጥንት የማይደርቅ አካል ነው። በጉልበት ውስጥ ደግሞ ለስላሳና አንጸባራቂ ሆኖ የአጥንቶቹን ጫፍ ይሸፍናል፤ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋጭም ይከላከላል።

አጥንት ሲሰበር ደም ይፈስና በስብራቱ ዙሪያ ይረጋል። ቀጥሎም አጥንቱን እንደ ልብስ ከሸፈነው ስስ ሽፋንና ከመቅኔው የሚነሡ ሕዋሳት ይራባሉ፤ እነርሱም ሁለቱን ጫፎች በጊዜ ብዛት በአዲስ አጥንት ያያይዛሉ። ልም አጥንት ግን የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ሲጎዳ ጠጋኝ የሚያደርስለት መንገድ የለም። የብሪታንያው ሐኪም ዊልያም ሐንተር በ1743 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተበላ ልም አጥንት ተመልሶ እንደማይድን ጽፎአል።

እነዚያ በመቅኔ ውስጥ ያሉት ጠጋኞች እነማን ናቸው? ሥራቸው ገና ያልተለየ፥ እንደ ሁኔታው አጥንት ወይም ልም አጥንት ወይም ስብ ለመሆን የሚችሉ ሕዋሳት ናቸው። ስቴም ሴል ይባላሉ፤ እኛም ግንደ ሕዋስ ልንላቸው እንችላለን። የሶቪየት ኅብረት ሊቅ አሌክሳንደር ፍሪደንስታይንና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ ዓመታት ከመቅኔ የተወሰዱ ሕዋሳት አጥንት ለመሥራት መቻላቸውን አሳዩ። ሐኪሞችም አልጋጠም ላለ ስብራት ከሕመምተኛው ከራሱ ዳሌ አጥንት ቆርሰው ይተክላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያው መቅኔ ቀድተው በስብራቱ ላይ ያፈስሳሉ።

የልም አጥንት ነገር ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በ1994 በስዊድን የጎተንበርግ ሐኪሞች ከ23 ሰዎች ጉልበት ጥቂት ልም አጥንት ወስደው፥ ሕዋሱን በቤተ ሙከራ አራብተው ወደ ጉልበታቸው መለሱት፤ ከብዙዎቹም መልካም ውጤት አገኙ። ይሁን እንጂ ያ ሕዋስ ግንደ ሕዋስ አልነበረም፤ ሕክምናውም በአንድ ስፍራ ለተቦረቦረ ልም አጥንት እንጂ በእርጅና በሙሉ ላለቀ ጉልበት የታሰበ አልነበረም። በ2012 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ከእትብት ደም በተገኘ ግንደ ሕዋስ የተሠራ የጉልበት መድኃኒት ፈቀደች፤ እርሱም ጉልበት ተከፍቶ በቀዶ ሕክምና የሚቀመጥ ነው።

በሬ የሚያሸጠው ግን እንዲያው በመርፌ የሚሰጠው ነው። በ2023 በአሜሪካ ከ470 በላይ የጉልበት ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ታተመ። ከመቅኔ፥ ከስብና ከእትብት የተገኙ ሦስት ዓይነት የሕዋስ መርፌዎች ከተለመደው የኮርቲዞን መርፌ ጋር ተወዳደሩ፤ ዓመት ሲሞላ አንዳቸውም ከርሱ በልጠው አልተገኙም። በ2018 ደግሞ በዚያው አገር ከእትብት ደም የተዘጋጀ መድኃኒት የተወጉ 12 ሰዎች በተሕዋስያን ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ዘሩ መልካም ቢሆን እንኳ ባልታረሰ ማሳ ላይ ቢበተን እንደማይበቅል ገበሬው አባት ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤ ያለቀም ጉልበት እንደዚያ ማሳ ነው።

እንግዲህ ልጁ ለአባቱ እንዲህ ብሎ ቢመልስ የሚበጅ ይመስለኛል። «አባቴ፥ በሬዎቹን አይሽጡ። መርፌ እንወጋለን የሚሉትን ሦስት ነገር እንጠይቃቸው፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድር ነው? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታልን? በጥናት ላይ ያለ ነው እንደሆነ፥ ስለ ምን ገንዘብ ይጠየቅበታል? እስከዚያው ድረስ የጭን ጡንቻን በእንቅስቃሴ ማጠንከር፥ ሸክም መቀነስና ዱላ መያዝ ይጠቅምዎታል፤ ሕመሙ ከበረታም ወደ አጥንት ሐኪም አደርስዎታለሁ።» «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለመድኃኒትም ይሠራል።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር መጨመር ይገባዋል። ከሁሉ የሚበልጠው የአጥንት ጠጋኝ ያለ ዋጋ በእያንዳንዳችን መቅኔ ውስጥ ተቀምጦአል፤ የሚለምነንም ደሙን እንዳንዘጋበት ብቻ ነው። በገጠራችን እጅ ወይም እግር ሲሰበር ወደ ወጌሻ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ወጌሾችም ልምድና ቅን ልብ ያላቸው ናቸው። ነገር ግን በቀርከሃ እጅግ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም ሳያገኝ ይሞታል። ሊጋጠም ይችል የነበረ የሕፃን እጅ በዚህ ምክንያት በሆስፒታል የተቆረጠበት ጊዜ በአገራችን ጥቂት አይደለም። ከታሰረ በኋላ ጣት ቢያብጥ፥ ቢቀዘቅዝ፥ ቢደነዝዝ ወይም ቢጠቁር፥ ሕመሙም እየባሰ ቢሄድ፥ ነገ ሳይባል እሥራቱን ፈትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

አድማጮች ሆይ፤ ብዙዎቻችን ከእንደዚህ ያለ መንደር ወጥተን በከተማ በወንበር የተቀመጥን ነን። ወላጆቻችን ምክር ሲጠይቁን ገንዘብ ልኮ ዝም ማለት ይቀለን ይሆናል። ዳሩ ግን በሬውን ለአባት፥ እጁንም ለሕፃኑ የሚያተርፍ አንድ እውነተኛ ቃል ከምንልከው ገንዘብ ይበልጣልና፥ ያን ቃል አንንፈጋቸው።