ቤትን የሚጠብቅ ጥበብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ቤት መብራቱን፥ በሩንና የድምፅ መሣሪያውን በራሱ እንዲቈጣጠር ስለሚያደርገው ጥበብ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሀብታም ቅንጦት አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን አንዱ ምንጩ የአንዲት ሠራተኛ ሴት ሥጋት ነበረ።

በኒውዮርክ ከተማ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። እርስዋና ባልዋ የሥራ ሰዓታቸው ስለማይገጥም ብዙ ጊዜ ቤት ብቻዋን ትሆን ነበር፤ ፖሊስም ሲጠሩት ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከሆነው ባልዋ ከአልበርት ጋር አንድ መሣሪያ ፈለሰፈች። በበሩ ላይ አራት ቀዳዳዎች፥ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትንሸራተት ካሜራ፥ የመጣውን ሰው በውስጥ የሚያሳይ ቴሌቪዥን፥ መነጋገሪያ ማይክሮፎን፥ በሩንም ከሩቅ የሚከፍት ማዘዣ ነበረው። የፈጠራ መብታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ጸደቀ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከገጠር መጥተን በመካነ ሰላም ክፍል ተከራይተን የምንማር ልጆች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ በሌሊት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ለማለት ድምፃችን እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እናውቃለን።

እንግዲህ ይህ ጥበብ በጠቅላላው ሦስት ሥራ አለው፤ ይኸውም ማስተዋል፥ መወሰንና መፈጸም ነው። በፀሐይ ኀይል የሚሠራውን የደጅ መብራት ተመልከቱ። ቀን ባትሪውን ይሞላል። ሲመሽ ከፀሐይ ሰሌዳው የሚመጣው ኀይል ይደክማል፤ በዚህም መምሸቱን ዐውቆ ይበራል። ሌላው ዐይነት የሰው ገላ ሙቀት ሲያልፍ ለይቶ ቦግ ይላል። በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ደግሞ ባለቤቱ በሌለበት መብራትና ሬዲዮ ከፍቶ፥ ለሌባ ሰው ያለ ያስመስላል። እነዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አይሹም።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቦረና ቈላ ሥር የሚያልፈው ዓባይ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ግድብ ይሞላል። ግድብ ቢበዛም ግን ሽቦ መበጠሱ አይቀርም። ኀይል ሲቋረጥ አንዳንዱ የኤሌክትሪክ ቍልፍ ራሱን ይከፍታል፤ አንዳንዱም እንደ ተቈለፈ ይቀራል። የመጀመሪያው ሌባ ያስገባል፤ ሁለተኛው በእሳት ጊዜ ሰው ያስቀራል። ስለዚህ ገዥ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያም አይጥፋ።

ደግሞም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችን የማረከው፥ ባለቤቶቹ ከፋብሪካ የመጣውን የምስጢር ቃል ሳይለውጡ ስለ ተዉት ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል እንደ ተባለ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ዕቃ በመግዛት ብቻ አንርካ፤ ፈትተን መጠገንን እንማር። ወላጆቻችንም ለልጃችሁ ክፍል ስትከራዩ፥ ከኪራዩ ዋጋ አስቀድማችሁ በሩን ገፋ አድርጋችሁ እዩ፤ መቀርቀሪያው የጸና፥ ደጁም መብራት ያለው ይሁን። ልጅ ሳይፈራ ካደረ፥ ነገ በደንብ ይማራል።