የመብራታችን ዋጋ እንዴት ይሰላ?

(የማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያቀረበችው ንግግር)



እኔ ንግግር አላውቅም። የተማርኩት ሂሳብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቁጥር ነው፤ ያውም እኔ ራሴ ስለተሳሳትኩት ቁጥር።

ባለፈው ዓመት ኮፍያቸው በስፌት፣ መቆሚያቸው በሸክላ የተሠራ 24 የጠረጴዛ መብራቶች ሸጠናል፤ አንዱን በ1,200 ብር። ለአንዱ ያወጣነው 750 ብር ነው። ለሸክላው 160፣ ለገመድ፣ ለአምፖል ማቀፊያ፣ ለማብሪያ ማጥፊያና ለስፒና 340፣ ለአምፖል 130፣ ለቀለም 60፣ እስከ ጎንደር ለማጓጓዣ 60። 450 ብር ተረፈ። በ24 ሲባዛ 10,800 ብር ይሆናል። ይህን «የተጣራ ትርፍ» ብዬ በሪፖርቱ ጻፍኩ፤ ለደጋፊዎቻችንም ተላከ። ሪፖርቱ ሲነበብ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተጨብጭቧል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንዲት እናታችን ክፍያቸውን ሊወስዱ መጥተው ብሩን ቆጠሩና «ልጄ፣ ይኼ የስንት ቀን ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ደረሰኝ ያለውን ሁሉ መዝግቤያለሁ፤ እሳቸው ወስፌ ይዘው የተቀመጡበት ሰዓት ግን ደረሰኝ የለውም። አክርማውና ስንደዶውም በመዝገቤ ላይ ዜሮ ብር ነው። «ከሜዳ የሚነቀል ሣር ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። በመስከረም ስንደዶ ስትነቅሉ፣ ስታደርቁ፣ ከቀለም ጋር አፍልታችሁ አለላ ስታደርጉ የሚሄደውን ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ማደጌ እንኳ አላስታወሰኝም።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዤ ሦስት ቤት ዞርኩ፤ ሁለቱ ደባርቅ፣ አንዱ ዳባት። እናንተ ትሰፋላችሁ፣ እኔ ሰዓት አያለሁ። ቡና ሲፈላ አቆማለሁ፣ ሕፃን ሲያለቅስ አቆማለሁ። አንዷ እህታችን «እንደ ፈተና ጠባቂ አፍጥጠሽ አላሠራ አልሽኝ» ብላ አስቃኛለች። ተደምሮ ሲካፈል ለአንድ ኮፍያ ስፌቱ ብቻ 38 ሰዓት ፈጀ። ለነቀላና ለቀለም 6፣ ገመዱን ለመግጠም 1። በጠቅላላው 45 ሰዓት። 450 ብር ለ45 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 10 ብር ነው። ስምንት ሰዓት የሠራች ሴት በቀን 80 ብር አገኘች ማለት ነው። እዚሁ ደባርቅ ግንባታ ላይ ድንጋይና አሸዋ የምታመላልስ ሴት ከዚህ እጅግ የተሻለ እንደምታገኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ለደጋፊዎቻችን በግልጽ ልናገር። ትርፍ ብለን የላክንላችሁ ትርፍ አልነበረም። የሴቶቹ የድካም ዋጋ ነበር፤ እሱም ጎዶሎ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የታረመው ሪፖርት ከዚህ ስብሰባ በኋላ ይደርሳችኋል።

አሁን ይህን ያነሳሁት ትዕዛዝ ስለመጣ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ 40 መብራት ይፈልጋል፤ ለአንዱ 1,300 ብር እከፍላለሁ ብሏል። «የሜዲትራኒያን ሰመር የሚመስል» ይላል መልእክቱ። ልጆቻችን ሰመርን እንደ ትምህርት ቤቱ አነጋገር «ክረምት» ብለው ተረጎሙላችሁና አንዲት እናታችን «የሐምሌን ጉምና ጭቃ መብራት ላይ ማን ይፈልገዋል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ ሊማሊሞ ላይ በጉም ተሸፍነን እጃችንን ማየት ሲያቅተን፣ በዚያው ሐምሌ በእነ ጣሊያንና ስፔን ባሕር ዳር ዝናብ የለም፤ ፀሐይ ብቻ ነው። ሱቁ በስልክ የላከው ፎቶም ይህንኑ ያሳያል፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ የሣር ኮፍያ ያለው መብራት።

አንዳንዶቻችሁ አለላውን ትተን ኮፍያውን ነጭና ሰማያዊ ቀለም እንቀባው ብላችኋል። እኔ አልስማማም። በደቡብ ስፔን በግራናዳ አካባቢ በአንድ ዋሻ ውስጥ እስፓርቶ ከሚባል ሣር የተሠሩ፣ ከ9,000 ዓመት በላይ የሆናቸው ቅርጫቶች ተገኝተዋል። ፎቶው ላይ ያለው ሣርም እንደ እኛው በእጅ የሚሠራ ነው። ሱቁ የወደደው የሣሩን መልክ ከሆነ እሱ ከእኛ ዘንድ አለ፤ ባሕሩን ግን ከየት እናመጣዋለን? ከዚያ ባሕር ወዲህ ወደ እኛ የመጣው ትልቁ ነገር ጣሊያን ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ ነው፤ እሱን ደግሞ ኮፍያ ላይ መስፋት አይቻልም።

ወደ ዋጋው ልመለስ። በሰዓት 40 ብር ብናስብ አሮጌው መብራት 2,550 ብር ይሆናል። ሱቁ አይገዛም። በ1,300 ብንሸጥ ደግሞ በሰዓት ከ12 ብር ትንሽ ከፍ ይላል። «መስከረም ደርሷል፣ የልጆች ደብተር ይገዛበታል፣ ከምንም ይሻላል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን ለመቃወም አፍ የለኝም፤ እኔ በወር ደመወዝ የምበላ ነኝ።

መውጫውን ያገኘችው ከዳባት የመጣችው እህታችን ናት፤ ያውም በችኮላ። ለመጨረስ ቸኩላ ዙሩን እንደ መሶብ አጥብቃ ከመስፋት ይልቅ በየመሃሉ የጣት ስፋት ክፍተት እየተወች ሰፋችው። አሳፋሪ ሥራ ነው ብላ ደብቃው ነበር። ማታ ሲበራ ግን ብርሃኑ በክፍተቶቹ አልፎ ግድግዳው ላይ ቀለበት ቀለበት ሠራ። ለካ አጥብቀን ስንሰፋ ብርሃኑን እያፈንነው ኖሯል፤ ከላይና ከታች ብቻ ነበር የሚወጣው። መሶብ እንጀራ ሊይዝ ነው የሚጠብቀው፤ መብራት ምን ይይዛል?

ኮፍያውን ትንሽ አሳንሰን፣ አለላውን ከታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ አድርገን ሞከርነው። ከነቀላ እስከ ገመድ መግጠም 19 ሰዓት ሆነ። የዕቃው ወጪም ወደ 690 ወረደ። በሰዓት 40 ብር ሲታሰብ 760 ነው፤ ድምሩ 1,450 ብር። ለማኅበሩ 150 ብር ጨምረን በ1,600 እናቅርብ እላለሁ። ከ1,450 በታች ካለን ግን ትዕዛዙ ይቅርብን።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ አለኝ። የድሮውን የሚግል አምፖል ማንም እንዳትገጥም። ያ አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው፤ የመጀመሪያው ኮፍያችን ውስጡ የጠቆረው ለዚህ ነው። 5 ዋት ኤልኢዲ ይበቃል። ዋጋው ወጪው ውስጥ ገብቷል፤ ለማትረፍ ብላችሁ አትቀይሩት።

በር ላይ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ትንሽ ደብተር አስቀምጫለሁ። የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ መጻፍ የማትችሉ እናቶች ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሰበስበዋለሁ። ዋጋው ላይ አሁን ድምፅ እንስጥ።