ጉልበታችንን የማትጨርስ ጽጌረዳ
(በማህበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ተዳፋት ጉዳይ ተነስቶ ነበር። አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ አንድ ነገር እንትከልበት ተባለ። ጽጌረዳ ይሁን የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ወዲያው ሁለት ጥያቄ መጣ። አንደኛው፣ “ሽንኩርት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ አበባ ምን ይሠራልናል?” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “ውሃ የሚያጠጣውስ ማን ነው?” የሚል ነው። ሁለቱም ከልብ ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ እንድናገር የተሰጠኝንም ሰዓት ለእነሱ አውለዋለሁ።

ሁለተኛውን ላስቀድም። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለአበባ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እናት ናት፣ ወይም ከትምህርት ቤት የመጣች ሴት ልጅ ናት። ስለዚህ እኛ አንድን አበባ ስንመርጥ ከውበቱ በፊት መጠየቅ ያለብን፣ “በሳምንት ስንት ሰዓትና ስንት ጀሪካን ይወስድብኛል?” ብለን ነው።

ጽጌረዳ ብዙ ሥራ የሚያበዛ አበባ ነው የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። በእኛ አካባቢ ጽጌረዳ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የእርሻዋ ጽጌረዳ ናት። በባቱ ሼር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በቆቃና በቢሾፍቱ ዙሪያም ሌሎች እርሻዎች ከተስፋፉ ወዲህ፣ ብዙ እህቶቻችንና ልጆቻችን እዚያ ሠርተዋል። ያች ጽጌረዳ የምትኖረው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። ውሃና ማዳበሪያዋ በጠብታ ቱቦ እግሯ ድረስ ይመጣላታል። መድኃኒት ይረጭላታል፣ በየቀኑ ይቆረጥላታል። የተዳቀለችው ረጅምና ቀጥ ያለ ግንድ ላይ አንድ ትልቅ አበባ እንድታወጣና ሆላንድ እስክትደርስ እንዳትጠወልግ ነው። ብዙ ሠራተኛ ያላት እመቤት ናት ማለት ይቻላል። የእሷን ዓይነት ግቢያችን አምጥተን ብንተክላት ቅጠሏ ቢያረግፍ የእጃችን ስንፍና አይደለም። የተፈጠረችበት ኑሮ ሌላ ነው።

ጽጌረዳ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። የእኛው ቀጋ ጽጌረዳ ናት። በአርሲ ደጋ፣ በየአጥሩ ጥግ፣ ማንም ሳያጠጣት ነጭ አበባዋን ታወጣለች፤ ፍሬዋንም እረኞች ይበሏታል። ቀጋ ደጋ ወዳድ ስለሆነችና ወደ ላይ ስለምታድግ ለአዳማ ተዳፋት አትሆንም። ነገር ግን የጽጌረዳ ዘር በባሕርይው ሞግዚት እንደማይፈልግ ምስክር ናት።

ለእኛ የምትሆነው መሬት ለመሬት የምትሄደው፣ ተሳቢ ጽጌረዳ የምንላት ናት። ከፍታዋ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ቅርንጫፏ ግን ወደ ጎን እየተዘረጋ አፈሩን ይሸፍናል። ከእነዚህ ዝቅ ብለው ከሚሰፉ ጽጌረዳዎች ቀደም ካሉት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1932 በእንግሊዝ አገር የወጣችው “ዘ ፌሪ” ናት፤ ያዳቀለቻትም አን ቤንታል የምትባል ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኖአክ የተባለ ጀርመናዊ አዳቃይ በዓለም ገበያ “ፍላወር ካርፔት”፣ ማለትም የአበባ ምንጣፍ፣ ተብላ የታወቀችውን አወጣ። በጀርመን አዳዲስ ጽጌረዳዎች ለዓመታት መድኃኒት ሳይረጭባቸው የሚፈተኑበት አሠራር አለ። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች የተመረጡት በአበባቸው ብቻ ሳይሆን በጤናቸውም ነው።

የእኛ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ስም ላይነግሩን ይችላሉ። ስለዚህ በዓይን እንለያት። ቅርንጫፏ ቀጭንና ወደ ጎን የሚተኛ ነው። ቅጠሏ ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነው። አበባዋ በአንድ ዘለላ ብዙ ሆኖ ይፈካል፤ ሲያረጅ ራሱ ይረግፋል እንጂ ቁረጡልኝ አይልም። ከተቻለ እናት ተክሏን አሳዩን እንበል። በሌላ ግንድ ላይ ከተዳቀለች ይልቅ ከራሷ ቅርንጫፍ ተቆርጣ የበቀለችውን እንምረጥ፤ ከሥር የምታወጣው ቡቃያ ሁሉ የራሷ ስለሆነ ያላወቅነው እሾህ አይበቅልብንም።

የአዳማ ንፋስም እዚህ ላይ ይቆጠራል። በከተማችን አጠገብ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የቆሙት በከንቱ አይደለም። ረጅም ጽጌረዳ በዚህ ንፋስ ይሰበራል፣ ይደርቃል። መሬት የያዘችው ግን ትጠለላለች፤ ሥሯንም ራሷ ታጠላለች።

አሁን ወደ ሥራው። ከግንቦት ጀምሮ የሚሠራው ሰርዶን መንቀል ነው። ይህን ዘለን ከተከልን በኋላ ሰርዶ በእሾሁ መካከል ሲገባ ማንም እጁን ሰድዶ አያወጣውም። በደረቁ ወር ተቆፍሮ ሥሩ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይደርቃል። ከዚያ በተዳፋቱ አግድም፣ ድንጋይ ደርድረን ትንንሽ እርከን እናብጅ። ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይበቃዋል፤ በጉድጓዶቹ መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ይተው። አፈራችን ቀላልና ውሃ የማይዝ ስለሆነ ግማሽ ያህሉን የበሰለ ኮምፖስት እንቀላቅልበት። የምድጃ አመድ ግን አይጨመር። የስምጥ ሸለቆ አፈር በብዙ ቦታ አልካላይን ነው፤ አመድ ደግሞ ያንኑ ያብሳል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ተክሏ ብረት ማግኘት እንዳቃታት ምልክት ነው። የቡና አተላና የጎመን ልጣጭ ወደ ኮምፖስት ቢገባ ይሻላል።

የሚተከለው ዝናቡ ሲረጋ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ከተተከለ በኋላ ሥሯ ዙሪያ የጤፍ ጭድ በአራት ጣት ውፍረት ይነጠፍ፤ ግንዷን ግን አይንካ። ጭዱ እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ያፍናል።

አሁን የውሃውን ሒሳብ በግልጽ እናስላ። ተዳፋታችን 10 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ሙሉውን ለመሸፈን ወደ 30 ችግኝ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለእያንዳንዷ በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ሊትር ብንሰጥ፣ 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ጀሪካን በየሳምንቱ ማለት ነው። ይህን እኔ አልደግፍም፤ የጠየቃችሁት ጥያቄ ትክክል ነበር። ዘንድሮ 10 ብቻ ብንተክል ግን በሳምንት 5 ጀሪካን ይበቃል። ሲኒና አትክልት የታጠበበት ውሃም ይሆናል፤ በረኪና ወይም ጨው የነካው ግን አይሆንም። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው በጋ ደግሞ በ10 ወይም በ15 ቀን አንዴ፣ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ነው። ሥር የሰደደች ተሳቢ ጽጌረዳ ቢጠማት አበባዋን ትቀንሳለች እንጂ ወዲያው አትሞትም።

የቀሩትን 20 ከየት እናምጣ? ከራሳቸው። አበባ ያራገፈ፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ ግማሹን አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ መትከል ነው። ታችኛው የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይደፋበት፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሥር ያወጣል። ስለዚህ የችግኝ እቁብ እንጀምር እላለሁ። በየክረምቱ የደረሳት አባል ሦስት ችግኝ ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት መልሳ ታገባለች። በገንዘብ ያልቻለች እህት በዚህ ትችላለች። ለሽያጭ ግን ከእርሻ የወጣ ዝርያ እንዳናባዛ እንጠንቀቅ፤ የአዳቃዮችን መብት የሚጠብቅ ሕግ በአገራችንም አለ።

የዓመት እንክብካቤዋ ቀላል ነው። በዓመት አንዴ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ በአጥር መቀስ ሲሶዋን መቁረጥ ነው። ከተቆረጠች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ታብባለች፤ በሐምሌ መጀመሪያ የተቆረጠች ለእንቁጣጣሽ ትደርሳለች። በበጋው አቧራ ቅጠሉ ሥር ደቃቅ ቀይ ሸረሪት ከታየ፣ ጠዋት ጠዋት በውሃ ብቻ ከታች ወደ ላይ መርጨት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ስም በሌለው ጠርሙስ ገበያ ላይ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ወደ ግቢያችን አይግባ። ልጆቻችን በዚያ አፈር ይጫወታሉ፣ ያንኑ ጠርሙስ ለመጠጥ ያነሱታል። አንድ ቁጥቋጦ ያለ መድኃኒት መኖር ካቃተው ተነቅሎ ሌላ ይተካ። ለአበባ ብሎ የልጅን ጤና የሚያስይዝ የለም።

ወደ ሽንኩርቱ ልመለስ። ሜዳ የሆነ መሬት ቢኖረን ሽንኩርትና ጎመን ይቅደም እል ነበር። ተዳፋት ላይ ግን ሽንኩርት በየወቅቱ አፈሩ እንዲቆፈር ይጠይቃል፤ የተቆፈረው አፈር ደግሞ በመጀመሪያው ዶፍ ይሄዳል። ጽጌረዳዋ አንዴ ከተተከለች አፈሩ አይነካም። ጎርፍ የቦረቦረውን ገደል ግን አትጠግንም፤ እዚያ ድንጋይና የውሃ መውረጃ ቦይ ያስፈልጋል። ልጆች ከሚሮጡበት መንገድም አንድ ሜትር ትራቅ፣ እሾህ አላትና። ፍየል ያላችሁም እሰሩልን፤ ፍየል እሾህ አትፈራም።

እንግዲህ ለውሳኔ የማቀርበው ይህ ነው፦ ዘንድሮ 10 ችግኝ፣ በሳምንት 5 ጀሪካን በተራ፣ በሚመጣው ዓመት የችግኝ እቁብ። ተራውን የምንጽፈው ከመትከላችን በፊት ይሁን። ለተራው ስም የሚሰጥ ከጠፋ ዘንድሮ አንትከል፤ እርከኑን ብቻ ሠርተን እንቆይ። አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሸከመው አበባ ለማህበር አያምርም።

 አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።