በዒድ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከመቼ ጀምሮ ነው?

በጎንደር አካባቢ ያለውን የእንፍራንዝን ተማሪ የጉዛራን ቤተ መንግሥት ማን አሠራው ብትሉት፣ አፄ ሠርፀ ድንግል ብሎ ይመልሳል። በዒድ አልፈጥር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከመቼ ጀምሮ ነው ብትሉትስ?

መልሱ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ላይ ይገኛል። የዚያን ዕለት በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ አነሡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በዓሎቻችን በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ፣ በመንግሥት ሥራ አድልዎ ይቅር፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚሉት ከጥያቄዎቹ ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። የንጉሡ መንግሥት በወራት ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ ዒድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓላት አደረጋቸው።

የሙስሊሞች የእኩልነት ጉዳይ ለጎንደርም ባዳ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። የከተማዋ የሙስሊም ሰፈር፣ የዛሬው አዲስ ዓለም፣ ታሪኩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋን በንግድ ያቆሙት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ መሬት በርስትነት መያዝ ግን ለረጅም ዘመን ተከልክለው ኖረዋል።

መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱን በቀን መቁጠሪያ ጀምሩት። ተማሪዎች ሦስቱን በዓላት በክብ ያመልክቱ፤ ከዚያም በ1966 ዓ.ም. የነበሩ አያቶቻቸውን፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ጠይቀው የሰሙትን ጽፈው ይምጡ። መብት በሰልፍና በጥያቄ የተገኘ መሆኑን ከመጽሐፍ ይልቅ ከአያት አፍ ሲሰሙት ይገባቸዋል።