ዘረ-መልን በቦታው ማስገባት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

አንድ አባት ከመግሪብ ሰላት በኋላ «ሸኽ፣ ዘረ-መል የሚያስገባ ሕክምና ሐላል ነውን?» ብለው ጠየቁኝ። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፓሪስ በሚገኘው ኔከር ሆስፒታል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖራቸው የተወለዱ ወንዶች ሕፃናት መታከም ጀመሩ። ሐኪሞቹ ከሕፃኑ መቅኔ ሕዋስ ወስደው የጎደለውን ዘረ-መል፣ መራባት እንዳይችል በተደረገ ቫይረስ አስጭነው አስገቡበት፤ ሕዋሱንም ለሕፃኑ መለሱለት። አብዛኞቹ ዳኑ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በ2002 የደም ካንሰር ብቅ አለ። በፓሪስና በለንደን ከታከሙት 20 ልጆች 5ቱ በዚሁ ታመሙ፤ አንዱም ሞተ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ቫይረሱ ዘረ-መሉን ያደርሳል እንጂ ቦታ አይመርጥም። ኤል ኤም ኦ 2 ከሚባል ዘረ-መል አጠገብ አረፈና ያለ ጊዜው ቀሰቀሰው፤ ሕዋሱም ያለ ልክ ይራባ ጀመር። ኪታብ የሚጠርዝ ሰው የጎደለውን ገጽ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሰፋው ማለት ነው። ገጹ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ሌላውን አበላሸ። እኔ ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ እነዚያ ሕፃናት ካልታከሙ ዕድሜያቸው አጭር ነበር።

ዛሬ የሚደከመው ዓይን ገልጦ ለመስፋት ነው። በ2012 ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲየር ያስተዋወቁት ክሪስፐር የተባለው መሣሪያ በተመረጠው ቦታ ላይ ይቆርጣል። ዳርና ዳሩ ከቁርጡ ጋር የሚመሳሰል አዲስ ዘረ-መል አብሮ ከቀረበ፣ ሕዋሱ ቁስሉን ሲጠግን እዚያው ያስገባዋል። አንዳንዶች የተበላሸውን ዘረ-መል የራሱን ስፍራ ይመርጣሉ፤ ሌሎች በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውንና ብዙ ጉዳት አያስከትልም የሚባለውን ስፍራ። መቀሱም ቢሆን ተመሳሳይ ፊደል ሲያገኝ ሊሳሳት ስለሚችል ሕዋሱ ሳይመረመር ለበሽተኛ አይሰጥም።

የፊቅህ ሊቃውንት ጉዳት በመሰሉ ጉዳት አይወገድም ይላሉ። መካ ላይ የተሰበሰበው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤትም በ1998 ይህን ዕውቀት በሽታን ለመከላከልና ለማከም መጠቀምን፣ የባሰ ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ ፈቅዷል። በመቅኔ ሕዋስ የሚደረገው ለልጅ ልጅ አይተላለፍም፤ በፅንስ ላይ የሚደረገው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዱን በሌላው አንቀይስ።

ለእኚያ አባት ያልኳቸው ይህ ነው፦ ሐኪሙን «ዘረ-መሉ የት ይገባል? ያልታሰበ ቦታ አለመግባቱ በምን ይታወቃል? ልጁስ ስንት ዓመት ክትትል ይደረግለታል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይዘው ሲመጡ ስለ ሐላልነቱ አብረን እንነጋገራለን።

ወላሁ አዕለም።