የነዳጅ ግፊት በግምት አይስተካከልም
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ዘወትር በየማሳችሁ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን በበጋ ሽንኩርታችንን ስለሚያጠጣልን የናፍጣ ሞተር፣ በተለይም ስለ ነዳጅ ግፊቱ ጥቂት ልበል። በፎገራ ሜዳ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ እየሳብን የምናለማ ሰዎች አንድ ሳምንት ውኃ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን።

አንድ አባላችን፣ «ልጄ፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ደክሟል፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላጣራ፣ «የኢንጀክተሩ ግፊት ወርዶ ይሆናል፤ መካኒክ ያጥብቅልዎ» አልኳቸው። መካኒኩ መለኪያ አልነበረውምና ብሎኑን በግምት አጠበቀው። በማግሥቱ ሞተሩ አልነሳ አለ። መሞከሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ተገኝቶ እስኪስተካከል ስምንት ቀን አለፈ። ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ስለነበር የማሳው ግማሽ ያህል ደረቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የጭሱ ምክንያት ግፊቱ አልነበረም፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ኮሌጅ የተማርኩት ስለ ሰብል እንጂ ስለ ሞተር አይደለም፤ የማላውቀውን መምከሬ የእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ጠይቄ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሞተር ሲደክም ወደ ብሎን ከመሄዳችን በፊት ቀላሉን እንመርምር። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነውን? በነዳጅ ታንኩ ሥር ውኃና ዝቃጭ ተጠራቅሟልን? የናፍጣው ፊልትሮ ተዘግቷልን? በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷልን? እነዚህን ለማየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ናፍጣን ሌላ ነገር በነበረበት ጀሪካን አለመያዝና ሲቀዱ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ኖዝሉን ከጉዳት ያድናል።

ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልተፈታ ኢንጀክተሩ ተፈትቶ ይለካ። በየመንገዱ የምናያቸው በኢንጀክሽን የሚሠሩ የቤንዚን መኪኖች የብዙዎቹ የነዳጅ ግፊት ከ2.5 እስከ 4 ባር ገደማ ነው። የናፍጣ ኢንጀክተር ግን የሚከፈተው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ120 እስከ 250 ባር ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የቤንዚን መኪና መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ በእጅ የሚገፋ፣ ጌጅ ያለው የኖዝል መሞከሪያ ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንጀክተሩ ከመሞከሪያው ቱቦ ጋር ይታሰራል። አየሩ እንዲወጣ እጀታው ጥቂት ጊዜ ፈጠን ተደርጎ ይገፋል። ከዚያ በዝግታ እየተገፋ ኖዝሉ የሚከፈትበት ቁጥር ከጌጁ ላይ ይነበባል። ናፍጣው እንደ ጉም ደቆ መውጣት አለበት፤ ከተንጠባጠበ ወይም ወደ አንድ ጎን ብቻ ከተረጨ ኖዝሉ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ቁጥሩ ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል። ዝቅ ካለ የስፕሪንጉ ማስተካከያ ብሎን ይጠብቃል፤ ከፍ ካለ ይላላል። ብሎን በሌለው ኢንጀክተር የስፕሪንጉ ሮንዴላ በወፍራም ወይም በስስ ይቀየራል፤ የ0.1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻ ግፊቱን 10 ባርና ከዚያም በላይ ይለውጠዋል። በዓይን ግምት እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በመጨረሻም ግፊቱን ከመክፈቻው 20 ባር ዝቅ አድርጎ ለ10 ሴኮንድ መያዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከኖዝሉ ጫፍ ጠብታ መውደቅ የለበትም።

ግፊቱ ከልክ በታች ሲሆን ነዳጁ ሳይደቅ ይገባና ጥቁር ጭስ ያመጣል፤ ናፍጣም ያባክናል። ከልክ በላይ ሲሆን ሞተሩ ለመነሳት ያስቸግራል፤ ፓምፑንም ያደክማል።

ሦስተኛ፣ ይህን አደራ እላለሁ፤ ከኖዝሉ ፊት እጃችሁን አታድርጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ኮመን ሬል የተባለው አሠራር ያላቸው አዳዲስ ትራክተሮችና ፒክአፖች ደግሞ ግፊታቸው ከ1000 ባር በላይ ስለሚደርስ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይተዉ።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፣ የኖዝል መሞከሪያ ለአንድ ገበሬ ይከብዳል፤ ለአንድ ዩኒየን ግን አይከብድም። ዩኒየናችን አንድ መሞከሪያ ገዝቶ በማዕከሉ ቢያስቀምጥ፣ ወረዳውም ከአባላት ልጆች መካከል ሁለት ወጣቶችን በቴክኒክና ሙያ ቢያሠለጥንልን፣ አባላቱም ለየሞተሩ ደብተር ከፍተን ፊልትሮ የተቀየረበትንና ግፊት የተለካበትን ቀን ብንመዘግብ፣ ያ ስምንት ቀን በሌላ አባል ላይ አይደገምም። ማኅበር ያቋቋምነው ለአንዱ የከበደውን በጋራ ለማንሳት ነውና ጥያቄዬን በዚህ በዓል አቀርባለሁ።